ክዳን የነበረው ባትሪ

በኮምቦልቻ የባትሪ ሥራ መንገዱን ተከትሎ የመጣ ሙያ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ከአሰብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በባቲ በኩል ወሎ የሚወጣውን መንገድ ሲሠሩ፣ በመንገዱ ዳር ጋራዡን፣ ጎሚስታውንና ኤሌትራውቶውን አብረው ተከሉ። በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ ሙያው ከአጠገባቸው ቆመው መፍቻ ሲያቀብሉ በነበሩ ልጆች እጅ ቀረ። ከነዚያ ልጆች አንዱ አድገው፣ ሸምግለው፣ በደርግ ዘመን እኔን አስተማሩኝ። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

የምጽፈው ቻርጅ አልይዝ ያለ ባትሪ በየዘመኑ ምን ሲደረግ እንደኖረ ነው። ይህን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚበጀው የባትሪውን ክዳን መከተል ይመስለኛል። ክዳኑ በሚከፈትበት ዘመን ባትሪ ቤት የምርመራ ቤት ነበር። ክዳኑ ሲታሸግ የሽያጭ ቤት ሆነ። ከዚያ ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ በሞባይል ጠጋኝ ልጆች እጅ፣ እንደገና ተከፈተ።

እየሞላ እየተራገፈ የሚሠራ ባትሪ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሁለት ስስ የእርሳስ ሉሆችን በመካከላቸው ጨርቅ አድርጎ ጠቀለለና በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ያዙ፣ ሲፈልግ መለሱለት። ሌላው ፈረንሳዊ ካሚል ፎር እ.ኤ.አ. በ1881 በእርሳሱ ላይ የእርሳስ ሊጥ ለጥፎ የሚይዘውን መጠን አሳደገው። መሠረቱ ሳይለወጥ ያ ባትሪ ዛሬም በየመኪናው ኮፈን ሥር አለ። መኪና ግን መጀመሪያ ላይ ያለ ባትሪ ጉልበት ይነሳ ነበር። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ሲመጣ ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ፣ በክንድ ኃይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ማኖቬላው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ባትሪው ካልያዘ መኪናው ቆመ ማለት ሆነ፤ ሾፌሩም ወይ ቁልቁለት ይፈልጋል፣ ወይ ሰው ሰብስቦ ያስገፋል።

ያኔ ወደ ጋሼ ባትሪ ቤት የሚመጣው ባትሪ የዛሬውን አይመስልም ነበር። ሣጥኑ ጥቁር ደረቅ ጎማ ነው። በላዩ ስድስት ታፖ፣ ማለትም የሚፈታ ክዳን፣ አለው፤ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው የሚያሻግሩት የእርሳስ ድልድዮች ከላይ በግልጽ ይታያሉ፤ ዳር ዳሩ በቅጥራን የተደፈነ ነው። የተሠራው እንዲከፈት ተብሎ ነው። ፋብሪካው ራሱ አንድ ቀን አንድ ሰው ከፍቶ እንደሚያየው አስቦ የሠራው ዕቃ መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ሲከፈት እንዲህ ነበር። አሲዱ በጀሪካን ይገለበጣል። ድልድዩ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ይነሳል። ቅጥራኑን በእሳት እያሞቅን በጋለ ቢላዋ እንገፈዋለን። ከዚያ ጋሼ የሴሉን ሁለት ራሶች በፒንሳ ይዘው፣ ግራና ቀኝ ትንሽ እያወዛወዙ፣ ወደ ላይ ይስባሉ። የእርሳስ ሳህኖቹ እንደተደረደሩ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ አሲዱ እስኪንጠፈጠፍ ሣጥኑ አፍ ላይ ጋደል ብለው ይቆያሉ። ፖዘቲቩ ቡናማ፣ ኔጌቲቩ ግራጫ ነው። ጋሼ በዚህ ጊዜ ሰው አያናግሩም፤ ሳህን በሳህን ያያሉ። ነጭ ነገር አልብሶት ከሆነ ባትሪው ባዶውን ብዙ ጊዜ ቆሟል፤ ሰልፌቱ ደርቆበታል ማለት ነው። ቡናማው ሊጥ ረግፎ ፍርግርጉ ብቻውን ከቀረ ዕድሜው አልቋል። ሳህኑ ደህና ሆኖ ከሣጥኑ ሥር ጭቃ ከተጠራቀመና የሳህኖቹን ጫፍ ከነካ፣ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ አገናኝቶ ሴሉን የገደለው ያ ጭቃ ነው። በሳህኖቹ መካከል የሚገባው መለያ ከተቀደደም ውጤቱ ያው ነው።

የሞተው ሴል ብቻ ይለወጣል። ከሌላ ከተጣለ ባትሪ ደህና ሳህን ተመርጦ፣ መለያው ታድሶ፣ ሣጥኑ ታጥቦ ይመለሳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከሰል ምድጃ ላይ በብረት ጭልፋ አቅልጠን ድልድዩንና ራሱን እንደገና እናፈስሳለን። ቅጥራኑ ተመልሶ ይደፈናል። አሲዱ ሲበጠበጥ አሲድ በውሃ ላይ በቀስታ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ አይፈስም፤ ከተገለበጠ ፈልቶ ዓይን ላይ ይረጫል። በመጨረሻ ቻርጅ ነው። 60 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 6 አምፔር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ዛሬውኑ ካልወጣሁ የሚል ሾፌር አይጠፋም ነበር። ጋሼ ግን በኃይል የሞሉት ባትሪ ሳህኑ ተጣሞ እንደሚመለስ ስለሚያውቁ፣ ሾፌሩን ሻይ ቤት ልከው የአምፔሩን መዘውር ከቦታው አያነቃንቁም።

መንገዱ ራሱ ደንበኛ ያመርትልን ነበር። አሰብ ደርሶ የተመለሰ መኪና ባትሪ ደጋ ላይ ከሚውል መኪና ባትሪ ይለያል። የአፋር ሙቀት ከሴሎቹ ውስጥ ውሃውን ያተናል፤ አሲዱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የሳህኖቹ አናት ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ አየር ይመታውና ይደርቃል። በባትሪ ዓለም በግምት እንደሚታወቀው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ለሚሠራ መኪና ሙሉ ሲሆን በአሲድ መለኪያው 1.28 የሚያነበውን አሲድ፣ ለበረሃ መኪና ወደ 1.24 አለዝበን እንሞላ ነበር። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሳህኑን ግን ቶሎ አይበላውም። ሾፌሮች መንገድ ላይ ባትሪው ሲጠማባቸው ያገኙትን ውሃ፣ የጉድጓዱንም የቦርከና ወንዝንም፣ ይጨምሩበት ነበር። የወንዝ ውሃ ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ ሳህኑን ያበላሻል። የተጣራ ውሃ በማይገኝበት ጊዜ ከሰማይ በቀጥታ በንጹሕ ዕቃ የተጠለለ የዝናብ ውሃ ይሻላል እያልን ጠርሙስ ሞልተን እንሰጣቸው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲመታ እህሉ ከወደብ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነበር። የዕርዳታ መኪኖች ሌትና ቀን ይመላለሱ ነበር። ሾፌሮቹ ሞተር ማጥፋት ይፈሩ ነበር፤ በረሃ ላይ ጠፍቶ አልነሳ ካለ እህሉ እዚያው ይቀራል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስለነበረ አዲስ ባትሪ በብር ብቻ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም። እነዚያ ትልልቅ መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 የሚነሱ ስለሆኑ፣ አንዱ ከደከመ ሁለቱም አይጠቅሙም። ከሦስት ሙት ባትሪዎች አንድ ሕያው ማውጣት የተለመደ ሥራችን ሆነ። በዚያ ዓመት መደርደሪያው ላይ ካለው ከእያንዳንዱ ባትሪ ጀርባ ማን እየጠበቀ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ በጥንቃቄ ሠርቼ የማውቅ አይመስለኝም።

አሁን የሙያው ልብ ነው ወደምለው ነገር ልምጣ። ሾፌር መጥቶ ባትሪዬ ቻርጅ አይዝም ሲል ጋሼ ባትሪውን አያስወርዱም ነበር። «ቺንጋውን ንካ» ይሉኛል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ከሆነ ይንሸራተታል፤ ዲናሞው በሙሉ ፍጥነቱ ካልዞረ ባትሪው ምን ይበላል? ቀጥሎ የባትሪውን ራሶች ያያሉ። ነጭና አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር ከጋገረበት ገመዱ የታሰረ ይመስላል እንጂ አልተገናኘም። ሙቅ ውሃ አፍስሶ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አጥብቆ አስሮ፣ ግራሶ መቀባት ነው። ብዙ መኪና እዚህ ላይ ድኖ ይሄድ ነበር። ካልዳነ ሞተሩ እየሠራ በቴስተር ይለካል፤ ወደ 14 ቮልት ካነበበ መሙያው ደህና ነው፤ 12 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ የዲናሞው ካርቦን አልቋል ወይም ሬጉላቶሩ ተበላሽቷል። ይህ ሁሉ ከታለፈ በኋላ ነው ታፖዎቹ የሚከፈቱት።

ስድስቱም ሴል በአሲድ መለኪያው ይመጠጣል። የመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ተንሳፋፊው ሲቆም ቁጥሩ ይነበባል። ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው ተርቧል እንጂ አልታመመም፤ ሞልቶ መጠበቅ ነው። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ እዚያ ነው። ታፖውን ሳይከፍቱም ይታወቃል፤ አንድ ደህና ሴል ወደ 2.1 ቮልት ይይዛል፣ ስድስቱ 12.6። ሌሊቱን ቻርጅ ሆኖ ያደረ ባትሪ 10.5 ላይ ከቆመ፣ አምስት ሴል በሕይወት አለ፣ አንዱ ሄዷል። ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጪው ወደ ውስጡ። ይህን ቅደም ተከተል የተማረ ሰው የሬዲዮ ድንጋይም ይሁን ሊቲየም የሚሳነው አይመስለኝም።

በዚያ ሙያ የማልናፍቀው ነገር አለ፤ እርሳሱን። ምድጃው የሚነደው እኛው በምንበላበት ግቢ ነበር። የሳህኑ ዱቄት በእጃችን፣ በልብሳችን፣ በጫማችን ቤት ይገባ ነበር። አሲዱ የጥጥ ሸሚዝ ሲበላ ቀዳዳው በማግስቱ ስለሚታይ ሰው ይጠነቀቀዋል። እርሳስ ግን አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ እንደሚለው ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን የለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። የሰፈራችን ልጆች የቀለጠ እርሳስ ፍርፋሪ እየለቀሙ ይጫወቱበት ነበር። ማንም አልነገረንም፣ ማንም አልጠየቀንም። ዛሬም አሮጌ ባትሪ ከቆራሌዎች ሰብስቦ በጓሮ የሚያቀልጥ ሰው ካለ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ጎረቤቱ ሥራው ከመኖሪያ ቤት እንዲርቅ ቢነግረው ትልቅ ነገር ነው። እርሳስ እየቀለጠ ተመልሶ ባትሪ መሆን የሚችል ሀብት ነው፤ ቦታው ግን ጢሱና ዱቄቱ የሚያዝበት ፋብሪካ ነው።

ባትሪ ቤታችን የመኪና ብቻ አልነበረም። ሬዲዮ ወደ ገጠር ከገባ ወዲህ፣ በተለይም ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ገበሬው ቤት የደረሰው ኤሌክትሪክ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲያልቅ የሚደረገውን ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ካልሆነም በጥርስ ይነከሳል። ከንቱ ልማድ አልነበረም። ሙቀቱ የደከመውን ኬሚካል ለጊዜው ያፈጥነዋል፤ ንክሻው የደረቀውን ከእርጥቡ ያገናኘዋል። ዜናው እስኪያልቅ ይበቃል። ተመልሶ የሚሞላ ግን አይደለም፤ ዚንኩ ተበልቶ ነው የሚያልቀው፤ ቻርጅ አድርጉልን ብለው ይዘውት ለሚመጡ ሽማግሌዎች ይህን ማስረዳት ያሳዝነኝ ነበር። ኋላ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በ12 ቮልት ሲሠራ መብራት የሌለባቸው የቀበሌ ማኅበራት የመኪና ባትሪ ገዙ። ሰኞ ከባቲ ገበያ በሚመለሱ መኪኖች ላይ ጭነው ያመጡልን ነበር፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሞልተን እንመልሳለን። እነዚህ ባትሪዎች ከመኪናው ቶሎ ይሞታሉ። የመኪና ባትሪ ለአንድ አፍታ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ የተሠራ ነው፤ ሙሉ ማታ ቀስ እያለ ተራግፎ ሳምንት ባዶውን ሲቀመጥ ሰልፌቱ ይደርቅበታል። እኛም የቴሌቪዥኑ ብርሃን ደብዘዝ ሲል አጥፉት፣ እስኪጨልም አትጠብቁ እያልን እንመክር ነበር።

ክዳኑ የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። ጥቁሩ የጎማ ሣጥን ቀርቶ የፕላስቲክ ሣጥን መጣ፤ ክዳኑ በሙቀት ከሣጥኑ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ቢላዋም እሳትም አይገባውም። ድልድዮቹ በግድግዳው ውስጥ አልፈው ከዓይን ተሰወሩ። ውጭ አገር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳህኑ ፍርግርግ ውስጥ የነበረውን አንቲሞኒ በካልሲየም እየተኩ ውሃ የማይጠይቅ ባትሪ ማውጣት ጀመሩ፤ ውሃ ካላስፈለገ ታፖም አያስፈልግም። ከደርግ ውድቀት በኋላ የዕቃ ንግዱ ሲከፈት ይህ ባትሪ በብዛት ገባ። ጥሩ ባትሪ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ አሲድ አያፈስም፤ የገዛ ሰው ተጠቀመ። ባትሪ ቤቱ ግን የሚያደርገው ጠፋ። በዚህ መሐል በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በምድጃው ዙሪያ የነበርነው ተበተንን። ጋሼም ሱቃቸውን ለአዲስ ባትሪ ሻጭ አከራይተው አረፉ።

ያኔ የመጣውን ልማድ ዛሬም እታገለዋለሁ። ባትሪ አልያዘም ከተባለ ሌላ ባትሪ ይገዛል፤ ይኸው ነው ምርመራው። አንድ ጎረቤቴ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛ፤ ሁለቱም ተራገፉበት። የሸጠለት ሰው መኪናውን አላየለትም። ሌሊት ላይ ቴስተሩን በገመዱ መሐል አስገብተን ስንለካ፣ መኪናው ተዘግቶም ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ የማይጠፋ አምፖል እየበላው ተገኘ። የሁለት ባትሪ ገንዘብ የሄደው በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የተዘጋ ክዳን ውስጡን ብቻ አይደለም የሸፈነው፤ ባትሪው የሚኖርበትን መኪና መመርመርንም አስረሳ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ወደኛ ከተማ ሲደርስ ብዙ ሰው የያዘው ኖኪያ ነበር። ውስጡ ያለው ባትሪ ሌላ ዘር ነው። ዊቲንግሃም፣ ጉዲናፍና ዮሺኖ የተባሉ ሳይንቲስቶች በየፊናቸው ደክመውበት፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ያዋለው የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ ሦስቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝተውበታል። እኔን የሳበኝ ግን የስልኩ ጀርባ ነው። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። ክዳን ያለው ባትሪ ተመልሶ መጣ። በባትሪ ቤት ያደግን ሰዎች ወደ ሞባይል ጥገና የገባነው በዚያ በር ነው።

ቢኤል 5ሲ የሚባለውን የኖኪያ ባትሪ የማያውቅ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ባለ አምፖሉን ኖኪያ 1100 ያንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ስልኩ ከገበያ ከወጣ በኋላም የቻይና ትንንሽ ሬዲዮዎችና ድምፅ ማጉያዎች በዚያው ልክ ተሠሩ፤ እስከ ዛሬ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። በነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ በዓል ሲዘጋጅ፣ ኖኪያ፣ ማትሱሺታ የተባለ ኩባንያ የሠራቸው 46 ሚሊዮን የቢኤል 5ሲ ባትሪዎች ቻርጅ ላይ እያሉ ሊግሉ እንደሚችሉ አስታውቆ በነጻ እንደሚለውጥ ተናገረ። ከባትሪው ጀርባ ያለውን ቁጥር ማጣራት ይጠይቅ ነበር። በእኛ ከተማ ቁጥሩን የሚያጣራ ቀርቶ ወሬውን የሰማም ጥቂት ነበር። የኛ ጭንቀት ከዚያ ይልቅ አስመስለው የተሠሩት ናቸው፤ ላያቸው ላይ ትልቅ ቁጥር ይጻፋል፣ በእጅ ሲመዘኑ ግን ይቀልላሉ።

ቻርጅ አልይዝ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ የምከተለው ጋሼ ያስተማሩኝን ነው። በቺንጋው ቦታ ቻርጀሩና ገመዱ አሉ፤ መጀመሪያ በሌላ ይሞከራሉ። በባትሪው ራስ ቦታ የቻርጅ ቀዳዳው አለ፤ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱን ወደ ውጪ ይገፋዋል፤ ስልኩ ጠፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ይጠረጋል እንጂ በመርፌ አይነካም። ከዚያ ባትሪው ይወጣና ልስልስ ጠረጴዛ ላይ በጣት ይሽከረከራል። ጠፍጣፋው ባትሪ አይዞርም። ያበጠው መሐሉ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል፤ ውስጡ ጋዝ ፈጥሯል፤ ክርክር የለውም፣ ይለወጣል። የነሐስ ጥርሶቹ ከጠቆሩ በላጲስ ይፈገፈጋሉ። ከጥርሶቹ አንዷ ጉልበት የምታሳልፍ አይደለችም፤ የባትሪውን ሙቀትና ማንነት ለስልኩ የምትነግር ናት፤ እሷ ከቆሸሸች ስልኩ ደህናውን ባትሪ አልሞላም ይላል።

ከዚያ ቴስተር። ሙሉው 4.2 ቮልት፣ መካከለኛው 3.7 ያነባል። ጀማሪ ልጆችን የሚያሳስተው ዜሮ የሚያነበው ነው። ብዙ ጊዜ ሞቶ አይደለም። በባትሪው አናት ላይ የተሰፋች ቀጭን የመከላከያ ሰሌዳ አለች፤ ጉልበቱ ከልክ በታች ሲወርድ በሩን ትዘጋለች። ባትሪው ቻርጀሩን አያየውም፣ ቻርጀሩም ባትሪውን። በተቆጣጣሪ መሙያ አነስተኛ ጉልበት ለጥቂት ጊዜ ሲሰጠው ከ3 ቮልት በላይ ተመልሶ ሳይሞቅ ከቆመ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይሞላል። ለወራት ተራግፎ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2 ቮልት በታች ብዙ ሲቆይ በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ ኋላ ሲሞላ በማይገባው ቦታ ተመልሶ ይረጋና ውስጥ ለውስጥ ያገናኘዋል፤ እሳት የሚነሳው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለውን የሚቀሰቅስ ልጅ ካየሁ እጁን እይዘዋለሁ።

የዛሬዎቹ ልጆች ከኛ የላቁ ናቸው። ማይክሮስኮፕ፣ ሙቅ አየር መንፊያ፣ አምፔሩን በነጥብ የሚያሳይ መሙያ አላቸው። ሰሌዳው ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች አካል ፈልገው ይለውጣሉ። ግን ክዳኑ እንደገና እየተዘጋባቸው ነው። ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ጀርባው በመስታወት ተሸፍኖ ይመጣል፤ ለማውጣት ማሞቅና መሰንጠቅ ይጠይቃል፤ መፈልቀቂያው ባትሪውን ከወጋ ጢስ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪስ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚለውጠው መሆን አለበት፤ ደንቡ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ሕጉ የእነሱ ነው፤ ስልኩ ግን ከአንድ ፋብሪካ ስለሚወጣ እኛም ጋ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ዕቃ ሊከፈት የሚችል ሆኖ መሠራቱ ለድሃ አገር ሰው ከዋጋው ቅናሽ ይበልጥበታል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በዚሁ በአሮጌው መንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ያልፋሉ። በሆዳቸው ያለው ባትሪ መቶ ከዚያም በላይ ሴሎች በተርታ የተቀጣጠሉበት ነው፤ ጉልበቱ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይደርሳል፤ ያላወቀ ሰው ከነካው ይገድላል። የሚሞተው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ከመቶው ሴል አንዱ ሲደክም ተቆጣጣሪው ሌሎቹን ሁሉ በደካማው ልክ ያቆማል፤ ባለቤቱ ባትሪው አልቋል ተብሎ ሙሉውን እንዲለውጥ ይነገረዋል፤ የመኪናውን ዋጋ የሚያክል ገንዘብ ይጠየቃል።

ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና ቻርጅ አልቀበልም ብሎ ቆሞ፣ አጠገቤ የሚሠራ ወጣት «ጋሼ፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ» አለኝ። ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። እነዚህ መኪኖች ግን ለኮምፒውተራቸው፣ ለበራቸውና ትልቁን ባትሪ ለሚያገናኘው ማብሪያ የሚሆን አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አሁንም አላቸው፤ እሱ ከሞተ መኪናው አይነሳም፣ ቻርጅም አይቀበልም። ለካነው፤ ወርዷል። ትንሹ ተለወጠና መኪናው መሙላት ጀመረ። ልጁ ግን በዚያ አልረካም፤ የትልቁ ተራ ሲደርስ ከፍቶ የደከመውን ሴል መለየት ይፈልጋል። ለዚያ የሚያስፈልገው እስከ 1000 ቮልት የሚከላከል ጓንት፣ ጥሩ ሥልጠናና የፋብሪካው የጥገና መመሪያ ነው። ጓንቱን ገዝቷል። መመሪያውን የሚሰጠው ግን እስካሁን አላገኘም።